ያመለጠው ቀጠሮ

ከጤና ጣቢያው ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። ሆሣዕና ግን የሰማችውን ማመን አቅቷት ሁለቴ አስደገመቻት። ሴትየዋም ሳትሰለች ደገመችላት። ቋሚ ሐኪም እንዲመደብላት ከተመዘገበች ስምንት ወር ሆኗታል፤ ተራዋም ደርሶ ነበር። ቢደውሉላት ያስመዘገበችው ስልክ ስላልሠራ ደብዳቤ ላኩላት። የመጀመሪያ ቀጠሮዋ ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ዶክተሯ ብትጠብቃት አልመጣችም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያልተገኘ ሰው ደግሞ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። እንደገና መመዝገብ ትችላለች፤ ወረፋው ግን አሁን አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

ሆሣዕና አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። ለምን እንዳመሰገነች ራሷም አላወቀችም። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዋ ከኤልያና ጋር በተከራየችው ክፍል፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ልቧ እንደ አመሉ አንዴ ቸኮል፣ አንዴ ዘግየት እያለ ይመታል።

አሰላ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ቶንሲል ደጋግሞ ይዟት ሕመሙ ወደ ልቧ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ መርፌ መወጋት ግዴታዋ ሆነ። እዚያ ነገሩ ቀላል ነበር። ከቤታቸው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ነርሶቹ በስሟ ያውቋታል፤ ገባ ብላ ተወግታ ትወጣለች። የሕፃናት እንክብካቤ ልትማር ቶሮንቶ ስትመጣም የመድኃኒቱን ብልቃጦች በፎጣ ጠቅልላ በሻንጣዋ ይዛ ነበር። ብሉር ጎዳና አካባቢ፣ ያለ ቀጠሮ በሚገባበት ክሊኒክ፣ አንድ ሽማግሌ ሐኪም አዝነውላት በየወሩ ይወጓት ጀመር። ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ሊወጡ መሆኑን ነገሯትና ቶሎ ብለሽ የራስሽን ሐኪም ፈልጊ አሏት። እሷም ፍለጋ ጀመረች።

የደወለችላቸው ሁሉ አዲስ ሰው አንቀበልም አሏት። እንቀበላለን ያሉት ደግሞ የኦንታሪዮ መንግሥት ለነዋሪዎቹ የሚሰጠውን የጤና ካርድ ጠየቋት። እሷ ያላት ኮሌጁ የሰጣት የተማሪ ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ስትደውል፣ ስትጠብቅ፣ ስሟን ፊደል በፊደል ስትቆጥር ወራት ሄዱ። ሽማግሌው ሐኪም ክሊኒኩን ለቀቁ፣ ብልቃጦቹም አለቁ። ከመጨረሻው መርፌ አሁን አሥራ አንድ ሳምንት አልፏል።

አቢይን ያወቀችው በዚያ ፍለጋ ሰሞን ነው። ቅዳሜና እሁድ ብሉር ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ታስተናግድ ነበር። አቢይ የሠላሳ አራት ዓመት ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከእናቱ ጋር ከሱዳን መጥቶ እዚሁ ያደገ። አንድ ቅዳሜ ምሳውን እየበላ ሳለ እሷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ለአንድ ክሊኒክ ስትደውል፣ ስትለምን፣ በመጨረሻም ስልኩ ጆሮዋ ላይ ሲዘጋ አየ። ተነስቶ መጣና ቁጥሩን ተቀብሎ ራሱ ደወለ። ስልኩን የዘጋችባት ያቺው ሴት ለእሱ ትሑት ሆነች፤ መልሱ ያው ቢሆንም ይቅርታ እየጠየቀች ነበር የነገረችው። ሆሣዕና በኀፍረት ቀና ብላ ስታየው እሱም አንገቱን ደፍቷል። በእሷ ፋንታ ያፈረ ወንድ አይታ አታውቅም። የዚያን ዕለት ምንም አልተባባሉም፤ ፍቅራቸው ግን ከዚያ ዝምታ ነው የጀመረው።

ሐኪሙን ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቃት «ደም ማነስ አለብኝ» አለችው። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ አንድ የአባቷ ዘመድ «ይህቺን ልጅ ማን ያገባታል?» ሲል ከመጋረጃ ጀርባ ሰምታ ነበር። ያን ድምፅ ከአቢይ አፍ መስማት ፈራች። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ዓመት ሞላ።

ኤግሊንተን ዌስት ያለው ጤና ጣቢያ የጤና ካርድ የሌለውንም እንደሚቀበል አጣርቶ የነገራት አቢይ ነው። የሚቀበለው ግን የሰፈሩን ነዋሪ ብቻ ነው። «የእኛን ቤት አድራሻ ስጪ» አላት። ሰጠች። ያ ደብዳቤ የሄደው እንግዲህ እዚያ ነው፤ አቢይ ከእናቱ ከወይዘሮ ወለተማርያም ጋር ወደሚኖርበት ቤት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አቢይ ከሚሠራበት ሕንፃ በር ላይ ጠበቀችው። ሲያያት ፊቱ እንደ ሁልጊዜው በራ፤ ወዲያው ደግሞ የእሷን ፊት አይቶ ጠቆረ። ነገረችው።

ምንም ደብዳቤ እንዳልመጣ ማለላት። ፖስታ ሳጥኑን እናቱ እንደሚከፍቱ፣ እናቱ ደግሞ የሰው ደብዳቤ እንደማይነኩ በኩራት ተናገረ። እንደዚህ መናደድ ምን አመጣው ብሎም ጠየቃት። ለደም ማነስ እኮ ዎክ ኢን ክሊኒክ መሄድ ትችላለች፤ ነገ ራሱ ኮል አድርጎ ሌላ አፖይንትመንት ይይዝላታል።

ሆሣዕና እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰባት። መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚተላለፍበት፣ ዓመት ሙሉ የዋሸችውን እንዴት ትጀምረው? እውነቱን መናገር ሲያቅታት ሌላ ነገር ተናገረች።

«ከቤታችሁ ሰው አንዱ እኔ ሐኪም እንዳላገኝ ፈልጓል» አለችው።

አቢይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እናቴን ነው የምትዪው?»

ዓይኗን ወደ መንገዱ አዞረች። እሱም አልደገመም። የሥራ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ወደ ባቡሩ መውረጃ ሄደ። በተዋወቁበት ዓመት ሳይሰናበታት ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር፤ ያ ትንሽ ነገር ከጠፋው ቀጠሮ ይልቅ አንገበገባት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ወለተማርያም ራሳቸው ደወሉላት። አቢይ ሥራ እንደሄደ ነግረዋት «ነይ፣ ልጄ» ብቻ አሉ።

ሆሣዕና ቤታቸው አራት አምስት ጊዜ ሄዳ ታውቃለች። ሁልጊዜም በአክብሮት ተቀብለዋታል። እሷ ግን ለመኖሪያ ፈቃድ ስትል ልጃቸውን የያዘች እንዳይመስላቸው ስለምትፈራ ከወንበሩ ጫፍ እልፍ ብላ ተቀምጣ አታውቅም። ዛሬም እዚያው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሳቸው አልተቀመጡም። የተከፈተ ፖስታ አምጥተው ፊቷ አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አሉ። «ስምሽን በእኛ አድራሻ ሳየው የኢሚግሬሽን ወረቀት መሰለኝ። ልጄን ሳይነግረኝ ያስፈረምሽው መስሎኝ ነው።»

ሃያ ሰባት ዓመት ሆስፒታል በጽዳት ሠርተዋል። እንግሊዝኛቸው ሲናገሩ ይሰባበራል፤ የበሽታን ስም ግን ጠንቅቀው ያነባሉ። ደብዳቤው ስለ ልብ ሕመሟ ከአገር ቤት ያመጣቻቸውን ማስረጃዎች ይዛ እንድትመጣ ይል ነበር። እሱን ካነበቡ በኋላ መስጠትም መቅደድም አቅቷቸው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተው በየቀኑ እያወጡ ሲያዩት ማክሰኞ አለፈ።

«ለምን እትዬ?» አለች ሆሣዕና። ድምፅዋ ንዴት ሊሆን ፈልጎ ልመና ሆነ።

አሮጊቷ ያኔ ተቀመጡ። ከዚያ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሯት። ካርቱም ውስጥ ጽዮን የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻቸው። ከልጅነቷ ልቧን ያማት ነበር። ባሏ ድንበር ሲያቋርጡ ጠፍቶ ቀረ፤ እሷ ግን ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ የሚሽን ሐኪም ልቧ ምጥ እንደማይችል ቢነግራትም ጊዜው አልፎ ነበር። ወንድ ልጅ ወለደች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕፃኑን ታቅፋ ትንፋሽ አጠራት፤ ከሰዓት በኋላ ቀበሯት።

«አቢይ የእሷ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። «እኔ ወልጄ አላውቅም። ካናዳ ሲወስዱን ልጄ ነው ብዬ አስመዘገብኩት፤ ልጄም ሆነ። እሱ አያውቅም።»

ሆሣዕና የተከፈተውን ፖስታ መልሳ አጠፈችው።

«ተዪው አልልሽም» ቀጠሉ። «እኔ ማን ነኝና? ስለ ሕመምሽ ግን በራስሽ አፍ ንገሪው። የእኔን አትንገሪብኝ። እኔ ራሴ ጊዜውን እስካገኝ ያዢልኝ።»

ሆሣዕና ልታዝንላቸውም ልትጮህባቸውም ፈለገች። ሁለቱንም ሳታደርግ፣ ከመጨረሻው መርፌ አሥራ አንድ ሳምንት እንዳለፋትና በየአራት ሳምንቱ መወጋት እንደነበረባት ነገረቻቸው። ይህን አላወቁም ነበር። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። የእህታቸውን ሞት ሲተርኩ ያልወረደ እንባ አሁን ወረደ።

«ተነሺ» አሉ፤ ካፖርታቸውን እየፈለጉ። ሆሣዕና ተከተለቻቸው። የተጨመረባት የሰው ምስጢር ከራሷ ሕመም የበለጠ እየከበዳት ደረጃውን ወረደች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አሥር ያህል ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ወለተማርያም ቀጥ ብለው ወደ መዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ሄዱና ፖስታውን መስታወቱ ሥር አስገቡ። በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛቸው ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ፣ ደብዳቤውን የደበቁት እሳቸው እንደሆኑ፣ ልጅቷ ምንም እንደማታውቅ ተናገሩ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። ሠራተኛዋ ደንቡን ነገረቻቸው። አልሄዱም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ደበቅኩት፣ እኔ ነኝ፣ እኔን ቅጡኝ። ሆሣዕና ይበቃል እትዬ ብላ ክንዳቸውን ብትስብ እጇን ገፉት።

ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ሰው ቀጠሮውን ሰርዟል አለች። ከዚያ መዝገቡን እያየች፣ ይህቺ ልጅ እርስዎ ጋር ነው የምትኖረው ብላ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ ናት» አሉ አሮጊቷ፤ ሳያመነቱ።

ሆሣዕና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓመት ሙሉ ከእኚህ ሴት አፍ ልትሰማው የተመኘችው ቃል ነበር። አሁን ስትሰማው ግን፣ ከተሸከመችው ምስጢር ጋር፣ የስንብት ያህል ቀዘቀዛት።

ዓርብ ዶክተሯ ደረቷንና ጀርባዋን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከአሰላ የመጡትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ተመለከተች። የልቧ ቫልቭ ከበፊቱ የጠበበ እንደሚመስላት፣ ወደ ልብ ስፔሻሊስት እንደምትልካት፣ ምናልባትም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገረቻት። እስከዚያ ማርገዝ የለባትም። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚታወቅ ነገር የለም። መርፌው ከፋርማሲ የሚመጣው ሐሙስ ስለሆነ ያን ቀን ትመለስ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ትታ ወደ እሷ ዞረችና የፍቅር ጓደኛ እንዳላት፣ ይህንንም ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሆሣዕና አለኝ፣ አያውቅም አለች። እውነቱን ለሰው መናገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስደነገጣት፤ ለማታውቃት ሴት ሲሆን ብቻ ነበር ቀላል የሆነው።

ቅዳሜ ጠዋት አቢይን ቤቱ አጠገብ ያለው መናፈሻ ውስጥ አገኘችው። በረዶው እየቀለጠ ሣሩ ረጥቧል፤ አግዳሚው ላይ ጃኬቱን አንጥፎ አስቀመጣት። ኩርፊያው ገና አለቀቀውም። እሷ ግን ዛሬ ካልጀመረች መቼም እንደማትጀምር ስላወቀች፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ሁሉንም ነገረችው። ቶንሲሉን፣ መርፌውን፣ ዶክተሯ ያለችውን። ደብዳቤውን በተመለከተ ግን እናቱን ላለማጋለጥ ይቅርታ እንደጠየቀቻቸውና ጉዳዩ እንዳለቀ ብቻ ነገረችው።

አቢይ እጇን ያዘ።

«እንጋባ» አላት።

አዝኖልኝ ይሆን ብላ ዓይኑን መረመረች። ኀዘኔታ አላገኘችበትም። ስፖንሰር እንደሚያደርጋት፣ ሄልዝ ካርድ እንደምታገኝ፣ ጥሩ ስፔሻሊስት ፈልጎ ራሱ እንደሚወስዳት፣ ሥራውንም ቢሆን ሺፍት እንደሚቀይር እየተጣደፈ አወራት። ዓመት ሙሉ የፈራችው ድምፅ አልመጣም። አንድ አፍታ በደስታ እጁን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ባልወልድስ?» አለችው። «ጨርሶ ባልወልድ?»

ዝም አለ። ዝምታው አጭር ነበር፤ ግን ነበረ። አቢይ ከእናቱ ጋር ሁለት ሰሃን ብቻ በሚቀርብበት ገበታ ያደገ ሰው ነው። ቤቱ በልጆች ተሞልቶ ማየት እንደሚፈልግ ስንት ጊዜ ነግሯታል፤ ስም ሁሉ አውጥቶላቸዋል።

«ትወልጃለሽ» አለ በመጨረሻ፣ እጇን ጠበቅ አድርጎ። «ዶክተሮች ሁሌ ያስፈራራሉ። ማሚ እኔን ካርቱም ውስጥ፣ መብራት በሌለበት ክፍል ወልዳኝ ምንም አልሆነችም። አንቺ እኮ ቶሮንቶ ነሽ።»

ሆሣዕና ዓይኖቹን አየቻቸው፤ በሙሉ ልብ ያምናል። በዚህ እምነቱ ነው የሚያገባት፣ በዚህ እምነቱ ነው ሞክሪ የሚላት። እሷም ትሞክርለታለች፣ እንደ ወላጅ እናቱ ልትሞትም ትችላለች፤ ስለምትወደው እምቢ ልትለው እንደማትችል ራሷን ታውቃለች። አንድ ቃል ብትናገር እምነቱ ይፈርሳል። ግን ከእምነቱ ጋር እናቱም ይፈርሳሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ይፈርሳል። ቃሉ ደግሞ የእሷ አልነበረም።

«አልችልም፣ አቢይ» አለች።

«ማሚ ናት? የሆነ ነገር ብላሻለች?»

«እትዬ እንዲህ አድርጊ አላሉኝም።»

«እና ምንድነው? ንገሪኝ በቃ።»

ልትነግረው የምትችለው ምንም አልነበረም። ዝም አለች። ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ጥቂት በጥቂት ሲጠፋ አየች።

አቢይ እጇን ለቀቀ። «ደም ማነስ ነው ስትዪኝ በየሳምንቱ ስፒናችና ጉበት እየገዛሁ አመጣልሽ ነበር» አለ። ድምፁ አልጮኸም። «ዶክተሯ በሃያ ደቂቃ ያወቀችሽን ያህል እኔ በዓመት አላወቅኩሽም። አሁንም የምትደብቂኝ ነገር አለ። ይታየኛል።»

«አለ» አለች። ከዚህ በላይ ልትዋሸው አልቻለችም።

ተነሳ። ጃኬቱ ከሥሯ ስለነበረ ሳይወስደው፣ በሸሚዝ ብቻ በዚያ ብርድ ሄደ። ልትጠራው አፏን ከፈተች። ስሙ ወጥቶላት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይመለስ ነበር፤ ከተመለሰ ደግሞ ሁሉንም ትነግረዋለች። ስለዚህ አፏን መልሳ ዘጋች። ከመናፈሻው በር ሲወጣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ መለየት አልቻለችም። እሷም እዚያው ቀረች፤ የሱ ሙቀት ከጃኬቱ እስኪጠፋ ድረስ።

ሐሙስ ጤና ጣቢያው በሰዓቱ ተቀበላት። ስሟ መዝገብ ላይ አለ፤ የዶክተሯ ስም ከጎኑ ተጽፏል። አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ መርፌውን እጇ ውስጥ አሙቃ፣ በጎኗ አስተኝታ ቀስ ብላ ወጋቻት። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ እንደሚያም፣ ጎረምሶች እንኳ እንደሚያለቅሱበት፣ ማፈር እንደሌለባት በለሆሳስ ነገረቻት። ሆሣዕና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የክትባት ሰሌዳ እያየች፣ አዎ ያማል አለች።

ነርሷ የተወጋችበትን ቦታ አሸችላት፣ ጥጡን ጣለች፣ እጇን ታጠበች። መርፌው ከወጣ ደቂቃዎች አልፈዋል። ሆሣዕና ግን ለቅሶዋን ልታቆም አልቻለችም። ነርሷ ፎጣውን እንደያዘች ጥቂት ቆማ አየቻት። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ መብራቱን ዝቅ አድርጋ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ክፍሉን ለቀቀችላት።